ቆጠራ

ከኦማሎ ተራራ በጎቹ ሲወርዱ፣ በጥቅምት መባቻ፣
ወደ አልቫኒ ሄድን፣ እኔና ሊሌ ብቻ።
ዛዛ የለም፤ ፖላንድ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል፤
«ትልቅ ውሻ ግዙ» ብሎ በስልክ ያዘናል፣
«ቤቱ ወንድ የለውም፣ ሰው ያየናል።»

ሽማግሌው ጎደርዲ ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ፣
እጁን በካፖርቱ ጠርጎ፣ ቡችላ ሳያሳየን አስቀድሞ፣
ይጠይቀኝ ጀመር እንደ ዳኛ፣ እንደ አማት፦
«አጥርሽ ስንት ክንድ ነው? ጎረቤትሽስ ይተኛል ሌሊት?
በነጋ በጠባ ሲጮህ ማን ተነሥቶ ይገሥጸዋል?
ስድሳ ኪሎ ሲሞላ በገመድ ማን ይጎትተዋል?
ልጅትስ፣ ከጓደኞቿ ጋር እየጮኸች ስትሯሯጥ፣
ጨዋታ መሆኑን ማን ያስረዳዋል?»

«አጥሬ» አልኩ፣ «እስከ ወገቤ ነው።»
ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ የቀረው ሳቅ።
«እሱ ለዶሮ ነው።»

አስገባን። እርጥብ ገለባ፣ የበግ ጠረን፣ ጨለማ፤
እናቲቱ ጥጉን ሞልታ ተጋድማ፤
ጆሮዋ ከሥሩ የለም። «ተኩላ የሚይዘው እንዲያጣ» አለን።
አንገቷ ላይ ጠባሳ፣ በችኮላ እንደተሰፋ ከረጢት።
ሊሌ ጠባሳውን አላየችም። ነጩን አየች፤
እየተንከባለለ መጥቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ፣
የጫማዋን ክር በድድ በጥርሱ ጎትቶ።
«እማ፣ ይሄ! መረጠኝ እኮ!»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤
«ለአንቺ የመጣ ለሁሉም ይመጣል» አላት ጎንበስ ብሎ፤
«ሌባም እኮ ጫማ አለው። ሌባም ክር አለው።»

ጣቱን ወደ ጥግ ቀሰረ።
አመድማ አንድ ቡችላ፣ መዳፉ ከራሱ የገዘፈ፣
አልሸሸም። አልቀረበም። ተቀምጦ ያየናል፦
መጀመሪያ ሊሌን፣ ቀጥሎ እኔን፣
ቀጥሎ በሩን፣ ሌላ የሚገባ እንዳለ።

«እሱ ነው። ግን ዛሬ አልሰጥሽም፤
አጥር ይዘሽ ነይ።»

አጥር ይዘሽ ነይ! እንደ ድንች፣ እንደ ዱቄት።
ሽቦ በዱቤ ገዛሁ፣ እንጨቱን ከአክስቴ ቤት፤
ለጎረቤቴ ለናቴላ ሁለት ጠርሙስ ወይን ሰጠሁ፣
ጆሮዋን የምትደፍንበት ጥጥም ጨመርኩ።
በስድስተኛው ሳምንት ልንወስደው ተመለስን።

ሊሌ ቡርቲ አለችው፤ ኳስ ማለት ነው።
ኳስ ስንወረውርለት ኳሷን ያያታል፣
ከዚያ እኛን ያየናል፣
«ዕቃችሁ ነው፣ አንሡት እንጂ» በሚል ዓይን።
ቤት ግባ ብንለው አይገባም። በረዶ ጀርባው ላይ ተከምሮ
ደጃፉን ዘግቶ ይተኛል፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ።
ሌሊት ተነሥቶ ይዞራል፤ በመስኮት አየዋለሁ፦
የሊሌ መስኮት፣ አንድ። የኔ፣ ሁለት።
የናቴላ ድመት፣ ማን ፈቅዶላት እንደሆነ እንጃ፣ ሦስት።
ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤
ይሄኛው በቆጠረበት ነው።

በሰኔ ማለቂያ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ እኩለ ሌሊት፣
ዛዛ ሳይነግረን መጣ። በሩን ነካ።
ቡርቲ ድምፁን ያውቀዋል፤ ከስልኬ ይሰማው ነበር፤
ግን ድምፅ ሥጋ ለብሶ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣
ሲጋራና ናፍጣ እየሸተተ ሲመጣ አያውቅም።
እንደ በረት መዝጊያ መሐል ቆመ።
«ያዢው!» አለ ባሌ። «እኔ ነኝ! በኔ ገንዘብ ነው የተገዛው!»

አልነከሰም። አንዴ ብቻ ከደረቱ አጉረመረመ፤
ከዚያ አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ፤
ይሄ ከእኛ ነው? ብሎ መጠየቁ ነበር።

ቀላል ጥያቄ።
በባዶ እግሬ እርጥብ ሣር ላይ ቆሜ፣
በአንድ እጄ የሌሊት ልብሴን ጨብጬ፣
እኔም
ከአንድ ጀምሬ መቁጠር ያዝኩ።